ስትጠልቅ ይራመዱ፣ ብቅ ስትል ድርቅ ይበሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ኦተር ናቸው። ለማያውቃት፣ ኦተር እግሯ አጭር፣ ገላዋ ረጅም፣ ጅራቷ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ ውሃ ውስጥ እያደነች የብስ ላይ የምታርፍ አጥቢ እንስሳ ናት። ደብዳቤዎቹ ከብሪታንያ፣ ከኖርዌይ፣ ከጣና ዙሪያና ከእስራኤል የመጡ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ኦክቶበር ስኮትላንድ ውስጥ ወዳለው መል ደሴት ሄጄ ነበር። «ኦተር እንደ ልብ የሚታይበት ነው» ስላሉኝ አራት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ዳር ዳሩን ስሄድ ዋልኩ። ያየሁት ሁለት አቆስጣ (በእንግሊዝኛ ሲል የሚባለው የባህር አጥቢ) እና አንድ ጅራት ነው። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? (ከግላስጎ)

መልስ፦ ጥፋትዎ መሄድዎ ነው። ዳርቻ ለዳርቻ የሚዞረውን ሰው፣ እሱ ኦተሯን ሳያያት እሷ አሽትታዋለች። ዓይኗ ሩቅ ቆሞ የቀረ ነገርን እምብዛም አይለይም። የሚንቀሳቀስ ነገርና ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ሰው ግን አያመልጣትም። አፍንጫዋ ደግሞ ከዓይኗ ይብሳል። አንድ ቦታ መርጦ፣ ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ፣ ከጀርባው ድንጋይ ወይም ጉብታ አድርጎ አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ከተጓዘው የበለጠ ያያል።

ቦታና ሰዓት የሚመረጡት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የባህሩ መጉደል ነው። በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያሉ ኦተሮች በቀንም ያድናሉ፤ በተለይ ባህሩ ጎድሎ የባህር አረሙ ሲጋለጥ። የሚበሏቸው ትናንሽ ዓሦች ቀን ቀን ከአረሙና ከድንጋዩ ሥር ተሸጉጠው ይውላሉ፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ እነሱ ጋ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጥልቀት ያንሳል። ስለዚህ ባህሩ ጨርሶ ሊጎድል 2 ሰዓት ሲቀረው ቦታዎን ይያዙ፤ ካለፈም በኋላ 2 ሰዓት ይቆዩ። ጉድለቱ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ስለሚመላለስ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ ትናንት የሠራ ሰዓት ዛሬ አይሠራም። ለመል የሚመቸው የኦባን ወደብ ሰንጠረዥ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የታተሙ የብሪታንያ ሰንጠረዦች ብዙዎቹ በግሪንዊች ሰዓት የተሠሩ ስለሆኑ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ 1 ሰዓት ይጨመርባቸዋል። በሐበሻ ሰዓት ማሰብ የለመደ ሰው ደግሞ ስድስት ሰዓት አስቶ መቅረት ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ከመነሳትዎ በፊት በወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ይጻፉት።

ሁለተኛው ጨው የሌለው ውሃ ነው። ኦተር እንደ አቆስጣ ከቆዳዋ ሥር ወፍራም ስብ የላትም። ሙቀቷን የሚይዝላት በጠጉሯ መሃል የታመቀው አየር ነው። ጨው ሲደርቅበት ጠጉሩ እርስ በርሱ ይጣበቅና አየሩን ይለቃል፤ ስለዚህ በባህር የምትኖር ኦተር በየጊዜው ጅረት ወይም ኩሬ ገብታ መለቅለቅ አለባት። እናም ጅረት ወደ ባህሩ የሚገባበትን ቦታ ይፈልጉ። እዚያ ድንጋይ ላይ ወይም ብቻውን በለመለመ የሣር ጉብታ ላይ ኩሷን ያገኛሉ፤ ሣሩን ያለመለመውም እሱ ነው። አዲሱ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭና የሚያጣብቅ ነው። የቆየው አመድማ ሆኖ ይፈረካከሳል፤ ውስጡ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ይታያል። ሽታው የዓሣ ቢሆንም አያስጠላም። የሚያንገሸግሽ ከሆነ የሚንክ (ከኦተር የምታንስ፣ እሷም ውሃ ዳር የምታድን እንስሳ) ነው ብለው ይጠርጥሩ።

መል ላይ መኪና ጥሩ መደበቂያ ነው። ሎክ ና ኪል የሚባለውን የባህር ወሽመጥ ተከትሎ የሚሄደው ቢ8035 መንገድ ከውሃው ብዙም አይርቅም። ተገቢ ቦታ ላይ ቆመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሳይወርዱ በመስኮት ይመልከቱ። ግን መንገዱ የአንድ መኪና መንገድ ስለሆነ ለመተላለፊያ በተሠሩት ስፋቶች ላይ እንዳያቆሙ፤ የደሴቱ ሰው በዚህ ክፉኛ ይናደዳል፣ እውነቱንም ነው።

በ8 ወይም በ10 እጥፍ ባይኖኩላር ውሃውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ይጥረጉ። የሚፈልጉት እንስሳ አይደለም፤ መስመር ነው። ፀጥ ባለ ውሃ ላይ ከኋላው እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ወይም ነጠላ ክብ ሞገድ በቂ ምልክት ነው። ነፋስ በርትቶ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ካወጣ ያንን ዳርቻ ትተው፣ ከኮረብታ ጀርባ የተጠለለ ወሽመጥ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ውሃ ላይ ብቅ ያለው ጭንቅላት የኦተር ይሁን የአቆስጣ በምን አውቃለሁ? (ከአበርዲን)

መልስ፦ በአጠላለቁ። አቆስጣ (ኦሪት ዘጸአት ውስጥ ስለ ድንኳኑ መደረቢያ ሲነገር ስሙን ያነበብነው) ክብ ትልቅ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ብዙ ጊዜ ወደ ኋላው ይሰምጣል፤ አፍንጫው መጨረሻ ይገባል። ኦተር ግን በሆዷ የተዘረጋች ያህል ጠፍጣፋ ሆና ትታያለች፦ ጭንቅላት፣ ትንሽ ጀርባ፣ የጅራት ጫፍ። ስትጠልቅ ጀርባዋን ትቀስትና ጅራቷን እንደ ጅራፍ ወደ ላይ ሰንዝራ ትገባለች። አቆስጣ ለብዙ ደቂቃዎች ይጠፋል፤ ኦተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ትመለሳለች። ሚንክ ደግሞ ድመት አታክልም፤ ስትዋኝ ጀርባዋ ሁሉ እንደ ቡሽ ተንሳፎ ይታያል።

ጥያቄ፦ ማግኘቱንስ ተምሬያለሁ። ችግሬ መጠጋቱ ነው። በሆዴ እየተሳብኩ 60 ሜትር ድረስ ከደረስኩ በኋላ ሁልጊዜ ትጠፋብኛለች። (ከኤድንብራ)

መልስ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ወደ እሷ መሳብዎን ይተዉ። ወደምትወጣበት ቦታ ቀድመው ይሂዱ።

ኦተር ትናንሽ ዓሦችን እዚያው ውሃው ላይ እየተንሳፈፈች ትበላለች። ትልቅ ዓሣ ወይም ሸርጣን ስትይዝ ግን ይዛ ወደ የብስ ትወጣለች፤ የምትወጣውም ብዙ ጊዜ በአቅራቢያዋ ወዳለ ዝቅ ያለ፣ በአረም የተሸፈነ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ የምትሄድበትን አቅጣጫ ይመልከቱ። ዳርቻውን ይዛ ወደ አንድ ወገን እያደነች ትሄዳለች። ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው፣ ከጉብታ ጀርባ ዞረው፣ ከፊቷ 150 ወይም 200 ሜትር ቀድመው ይቀመጡ። ነፋሱ ከእርስዎ ወደ እሷ የሚነፍስ ከሆነ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ያን ቀን ይተውት።

የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሚሄዱት ስትጠልቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ አምስት ስድስት ጊዜ ስትጠልቅ ሳይነሱ ይቁጠሩ። 24፣ 19፣ 27፣ 22 ሰከንድ ቆጠሩ እንበል። ከሁሉ አጭሩን፣ 19ኙን ይውሰዱና ግማሹን፣ ማለትም 9 ወይም 10 ሰከንድ ብቻ ይራመዱ። ከዚያ ተኝተው ይጠብቁ። «ገና ናት» ብሎ አንድ እርምጃ የጨመረ ሰው ነው ሁሌም የሚያዘው። ብቅ ስትል እጅዎ ካሜራው ላይ ቢሆን እዚያው ይቅር፤ አፍንጫዎ ቢያሳክክዎም ይቻሉት። የአረፋ ሰንሰለት ወደ እርስዎ ሲመጣ ካዩ ደግሞ ከእንግዲህ አይንቀሳቀሱም፤ ከሥርዎ ልትወጣ ነው።

ልብሱም ነገር አለው። ቀለሙ ደብዘዝ ይበል እንጂ የወታደር ልብስ አያስፈልግም። ችግሩ ድምፅ ነው፤ ርካሽ የዝናብ ጃኬት ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ የቦርሳ ማጣበቂያ ሲከፈት ይጮኻል። ከላይ የሱፍ ወይም የጥጥ ልብስ ይደርቡ፤ ቦርሳውን አስቀድመው ይክፈቱት።

አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እርስዎ ካፈጠጠች፣ በአፍንጫዋ «ህፍ» የሚል ድምፅ ካሰማች፣ ወይም ምግቧን ጥላ ከገባች ረብሸዋታል። ከዚያ በኋላ መከተል የለም። ቀጭን የፉጨት ድምፅ ከሰሙ ግልገል እናቱን እየጠራ ነው፤ በሁለቱ መሃል ከሆኑ ሳይነሱ ተስበው ወደ ኋላ ይውጡ። ግልገሎች ከእናታቸው ጋር ዓመት ያህል ስለሚቆዩ ይህ በየትኛውም ወር ሊያጋጥም ይችላል። ጥሩው አጨራረስ እሷ በልታ፣ ጠጉሯን አራግፋ፣ እርስዎን ሳታውቅ ስትሄድ ነው። እስከዚያ ቁጭ ይበሉ፤ እግርዎም ይደንዝዝ።

ጥያቄ፦ ክሮፕ ሴንሰር ያለው ካሜራና 70–300 ሌንስ አለኝ። ኦተሯ ወይ ጥቁር ጥላ ትሆንብኛለች፣ ወይ ትደበዝዛለች። 600 ሚሊሜትር ሌንስ ልግዛ? (ከበርገን)

መልስ፦ ገና ነው፤ ሒሳቡን አስቀድመው ይዩት። በ300 ሚሊሜትርና በእርስዎ ሴንሰር 30 ሜትር ላይ የሥዕሉ ወርድ 2.2 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ኦተር ከነጅራቷ 1 ሜትር ገደማ ስለሆነች የወርዱን ግማሽ ትጠጋለች። ይህ ድንጋዩም ውሃውም የሚታይበት ደህና ፎቶ ነው። በ60 ሜትር ሩብ ትሆናለች፤ ያኔ የሚጎድልዎት ሌንስ ሳይሆን ከላይ የተጻፈው አጠባበቅ ነው።

የመደብዘዙ ምክንያት ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ነው። የዳመና ቀን ካሜራውን በአውቶማቲክ ከተዉት የሰከንድ 1/125 ይመርጥልዎታል፤ ኦተር ደግሞ ስታኝክም ጭንቅላቷ አያርፍም። ካሜራውን በማኑዋል ያድርጉ፦ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ሌንሱ የሚከፈተውን ያህል (5.6)፣ ሻተር 1/1000፣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 6400። ከውሃ ወጥታ ስትራገፍ ጠብታው ተነጥሎ እንዲታይ 1/2000 ይሂዱ። ተጠቅልላ ከተኛች 1/500 ይበቃል። ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ በኮምፒውተር ይጠራል፤ የደበዘዘ ግን ደብዝዞ ይቀራል።

ጥቁር ጥላ የምትሆነው ብርማ ውሃ ላይ ሳለች ነው። ካሜራው የውሃውን ድምቀት አይቶ ሁሉንም ያጨልማል፤ ስለዚህ ኤክስፖዠሩን ከ0.7 እስከ 1 ወደ ላይ ይጨምሩ። ድንጋይና ቡናማ አረም ላይ ስትወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው ጨለማውን ሊያበራ ሲል በእርጥብ ጠጉሯ ላይ ያሉትን ብልጭታዎች ያቃጥላቸዋል፤ ያኔ 0.7 ወደ ታች ይቀንሱ። ይህንን መቀያየሪያ ሳያዩ በአውራ ጣት ማግኘት እስኪችሉ ቤትዎ ውስጥ ይለማመዱት።

ፎከስ ላይ፣ ሰፊውን የፎከስ ሜዳ ይተዉና አንድ ትንሽ ነጥብ ዓይኗ ላይ ያኑሩ፤ ሰፊው የሞገዱን ብልጭታ ይይዛል። ካሜራው ድምፅ አልባ ሻተር ካለው ይጠቀሙበት፤ ከሌለው ግን ስታኝክ ይተኩሱ እንጂ አዳምጣ ሳለች አይተኩሱ። ፍላሽ ጨርሶ አይታሰብም።

የሌንሱ ከፍታ ከሌንሱ ርዝመት ይበልጣል። ቆሞ የተነሳ ፎቶ ጀርባዋን ብቻ ያሳያል። ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ላይ ሆኖ የተነሳ ግን ዓይኗን፣ ጢሟንና የውሃውን ፊት በአንድ መስመር ያመጣል። ትራይፖድ ሳይሆን ሌንሱን የሚያሳርፉበት የጨርቅ ከረጢት ይዘው፣ እንደደረሱ 1.5 ወይም 2 ኪሎ ሽምብራ ይሙሉበት። ሩዝም ይሆናል፤ ዝናብ ከነካው ግን ይነፋል፣ ሳምንት ከቆየም ይሸታል።

የባህር ርጭት ሌንሱ ላይ ከደረቀ በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉት፤ የጨው ቅንጣቱ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ በመንፊያ ይንፉት፣ ከዚያ ጨው በሌለው ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጨዉን ያሟሙት፣ በመጨረሻ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ኦተር አለች ይባላል። እኔ እዚሁ ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን አላየሁም። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የት ልቀመጥ? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ ጥፍር አልባዋ የአፍሪካ ኦተር ስትሆን፣ ጣና አካባቢ የምትታወቀው እሷ ናት። ከስኮትላንዷ ትገዝፋለች፤ ከ10 ኪሎ እስከ 20 ኪሎ ትመዝናለች፣ ከጉንጯ እስከ ደረቷ ነጭ ነው። ሁለተኛዋ አንገቷ ላይ ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ኦተር ናት፤ ከ6 ኪሎ ብዙም አታልፍም። ትንሿ በዓይኗ ስለምታድን የጠራ ውሃ ትፈልጋለች። ጥፍር አልባዋ ግን የፊት እግሯ ጣቶች እንደ ሰው ጣት ናቸው፤ ጭቃና ድንጋይ ሥር እየዳበሰች ሸርጣንና እንቁራሪት ታወጣለች። ዝናብ በገባ ቁጥር ወንዞቹ አፈር ይዘው በሚገቡበት በጣና ውሃ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

እርስዎ ያላዩዋት በሁለት ምክንያት ይመስለናል። የምትንቀሳቀሰው በአብዛኛው ሲነጋጋ፣ ሲመሻሽና ሌሊት ነው። ደግሞም ዓይን ይታለላል፤ አንገቱን ብቻ አውጥቶ የሚዋኝ የውሃ ወፍ፣ እየዋኘ የሚሻገር አርጃኖ፣ ሁሉም ከሩቅ እሷን ይመስላሉ። አርጃኖ ሲዋኝ ጅራቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ የእሷ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው።

ስለዚህ ከእንስሳዋ በፊት ምልክቷን ይፈልጉ። ጥሩው ጊዜ ከጥር እስከ ግንቦት ነው፤ ውሃው ሸሽቶ የዳርቻው ጭቃ ይጋለጣል፣ ዱካ ይቀራል፣ ዝናብም ኩሷን አያጥበውም። የወንዝ መግቢያዎችን፣ ድንጋያማ ዳርቻዎችንና የደንገል ጫፎችን ይዩ። እምቦጭ ዳርቻውን ከዘጋው ቦታ አይድከሙ፤ ብትኖርም አያዩዋትም። ኩሷ ከውሃው ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም በተረጋገጠ ሣር ላይ ተከማችቶ ይገኛል፣ የሸርጣን ቅርፊት ስብርባሪም ሞልቶበታል። ረግረግ የሚወድ አንድ የሞንጉስ ዓይነት አለ፤ እሱም ሸርጣን ስለሚበላ በኩሱ ብቻ አይፍረዱ። ዱካው ይለየዋል፦ የፊት እግሯ አምስት ጣት፣ የጥፍር ጭረት የሌለበት፣ ትንሽ ልጅ እጁን ጭቃ ላይ የጫነ ይመስላል። ጥፍር ቢኖራት ጠጉሯን የምታበጥርበት፣ በኋላ እግሯ መካከለኛ ጣቶች ላይ ያለችው ትንሽ ጥፍር ብቻ ናት።

ከመጽሐፍ ይልቅ ዓሣ አስጋሪዎቹን ይጠይቁ። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ኦተር አይታችኋል?» ካሏቸው «የለም» ይሉዎታል። «መረባችሁ የሚቀደደው፣ ቆሮሶው ተበልቶ ራሱ ብቻ የሚቀረው የትኛው ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቦታውን በጣታቸው ያሳዩዎታል። በመረባቸው ላይ ኪሳራ የምታደርስ እንስሳ ስለሆነች የእሷ ወገን መስለው አይቅረቡ፣ ያነሱትን ፎቶ ከነቦታው ፌስቡክ ላይ አይለጥፉ።

አቀማመጥ፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታዎ ላይ ይሁኑና እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይቆዩ። ሞተር ጀልባ ሁሉን ነገር ያሸሻል። ከባለታንኳ ጋር ተስማምተው፣ ደንገሉ ጫፍ ላይ ታንኳውን አስጠግተው ዝም ብለው መቀመጥ ከሁሉ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከፎቶ በፊት ይቀድማል፤ ጉማሬ። የዓባይ መውጫ አካባቢና ሌሎችም ዳርቻዎች ጉማሬ አለባቸው። ማታ ለግጦሽ ወጥቶ ሲነጋ ወደ ውሃው የሚመለስበት ሰዓት እርስዎ ከሚቀመጡበት ሰዓት ጋር አንድ ነው። መንገዱ ያስታውቃል፦ ሁለት ትይዩ ቦይ የሚመስል፣ መሃሉ ጎበጥ ያለ ጥርጊያ ከሣሩ ወደ ውሃው ይወርዳል። እዚያ ላይም አጠገቡም አይቀመጡ፤ ጉማሬ ወደ ውሃው መንገዱ የተዘጋበት ሲመስለው ነው የሚያጠቃው። ብቻዎን አይሂዱ፤ በማታው ምልከታም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሱ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ካሜራ ትራፕ አመጣልኝ። ውሃው ዳር ግንድ ላይ አስሬ አሥራ አንድ ቀን ተውኩት። ያገኘሁት 900 የሣር ፎቶ፣ ላሞችና አንድ እረኛ ነው። ዱካዋ ግን ካሜራው ፊት ለፊት አለ። ተበላሽቷል ማለት ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ ካሜራው ደህና ነው፤ ኦተር ግን ለዚህ መሣሪያ አስቸጋሪ ናት። ካሜራው የሚቀሰቀሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ገጽታ ከአካባቢው በሙቀት ሲለይ ነው። የኦተር ጠጉር ሙቀቷን ውስጥ አምቆ ይይዛል። ከውሃ ስትወጣ ደግሞ ላዩ የውሃውን ያህል ቀዝቃዛ ነው። ላም ታልፋለች፣ ካሜራው ይነቃል፤ ኦተር ታልፋለች፣ ካሜራው ባዶ ነው የሚያየው። ሣሩን 900 ጊዜ ያነሳው ፀሐይ ያሞቀው ሣር ነፋስ ሲያወዛውዘው ነው።

መፍትሔው ካሜራውን ከውሃው ጠርዝ ማራቅ ነው። ኩሷን የምትጥልበትን ወይም ሣር ላይ ተንከባላ ጠጉሯን የምታደርቅበትን ቦታ ይፈልጉ፤ እዚያ ትንሽ ስለምትቆይ ላይዋ ይሞቃል። ካሜራውን ከ2 እስከ 3 ሜትር አርቀው፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው፣ መንገዷን በሰያፍ እንዲያይ ይሰሩት። ፊቱ ያለውን ሣር ይጨዱ። ከፎቶ ይልቅ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ያድርጉት፤ ዘግይቶ ቢነቃም ጅራቷን ይደርስበታል። ይህም ካልሠራ ቅስቀሳውን ትተው በሰዓት ያድርጉት፦ ከንጋቱ 11 እስከ 2 ሰዓት በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ፣ በድምሩ 360። ማየት ያሰለቻል እንጂ አያመልጥም።

እረኛውን ግን አስቀድመው ያነጋግሩት። ምን እንደሆነ የማያውቀው ዕቃ ግንድ ላይ ታስሮ ሲያይ ሰው የማይጠረጥረው የለም፤ ነግረውት ከሆነ ደግሞ ከሰንሰለት የተሻለ ጠባቂ ነው።

ጥያቄ፦ ሑላ ሸለቆ ውስጥ «ሉትራ» አለች ሲሉ እሰማለሁ። በሻባት ልጆቼን ይዤ ሄጄ ማሳየት እችላለሁ? (ከቂርያት ሽሞና)

መልስ፦ አለች፤ ከስኮትላንዷ ጋር አንድ ዝርያ ናት። ግን በእስራኤል ቁጥሯ በጣም ጥቂት ነው፤ በአብዛኛውም የምትወጣው ሌሊት ነው። ለልጆች ቃል አይግቡላቸው። ቃል የሚገቡላቸው ዱካዋን ይሁን፦ በተፈቀደ መንገድ ላይ ሆነው፣ ቦይ ወይም ጅረት በድልድይ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ድንጋዩ ላይ የዓሣ አጥንት ያለበት ኩስ ይፈልጉ። ዝናብ ስለማያገኘው ድልድይ ሥር ኩሱ ይቆያል። ሲመሽ በአካባቢው መኪና ሲነዱ ፍጥነት ይቀንሱ፤ መንገድ ስታቋርጥ ተገጭታ መሞቷ እዚያ ትልቅ ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣ አስቀምጬ ባስለምዳትስ? ወይም ጎሬዋ በር ላይ ብቀመጥ? በኢንተርኔት የማየው ሆዷ ላይ ድንጋይ አስቀምጣ ዛጎል የምትሰብረውን ነው፤ እንደዚያ ያለ ፎቶ ነው የምፈልገው። (ከለንደን)

መልስ፦ ከመጨረሻው ስንጀምር፣ በድንጋይ ዛጎል የምትሰብረው የሰሜን ፓሲፊክ የባህር ኦተር ናት፤ ሌላ ዝርያ ናት። ብሪታንያ ውስጥ እንደዚያ የምታደርግ የዱር ኦተር አያገኙም፤ በባህር ዳር ያሉትም የወንዞቹ ዝርያ ናቸው።

ምግብ ማስቀመጥ አይሆንም። ሰው ካለበት ምግብ አለ ብላ የተማረች ኦተር ወደ ዓሣ እርባታ ኩሬና ወደ መንገድ ትጠጋለች። ጎሬዋ በር ላይ መቀመጥ ደግሞ ወንጀል ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ የ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ይጠብቃታል። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ በመጠለያዋ ሳለች መረበሿ የተከለከለ ነው፤ ጎሬ አጠገብ ፎቶ ለማንሳት መረበሽ የሚያስከትል ከሆነ ከኔቸርስኮት (የስኮትላንድ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ያስፈልጋል። ጎሬ መሆኑን ካወቁ ተመልሰው ይሂዱ፤ ካላወቁና ከድንጋይ ሥር ፉጨት ከሰሙም እንዲሁ።

ለንደን አካባቢ ባሉ ወንዞች ኦተር የለችም አይባልም። እንግሊዝ ውስጥ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዲልድሪን በመሳሰሉ የእርሻ መርዞች ልትጠፋ ደርሳ ነበር፤ አደኗ ከ1978 ጀምሮ ከተከለከለና መርዞቹ ከቀሩ በኋላ ተመልሳ በ2011 በሁሉም ካውንቲ ተገኝታለች። ግን የወንዟ ኦተር በአብዛኛው የሌሊት ናት። በቀን ብርሃን ፎቶ የሚፈልግ ሰው የባቡር ትኬቱን ወደ ሰሜን ይቁረጥ።

ጥያቄ፦ አራት አምስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ ምን ይዤ ልሂድ? ቆሎ እወዳለሁ፤ ድምፁ ይረብሻታል? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ የቆሎው መንኮሻኮሽ ሳይሆን የፌስታሉ ነው የሚያሸሻት። በጨርቅ ከረጢት ይያዙት፤ ጠልቃ ሳለች ያኝኩ። ከሁሉ የሚሻለው በሶ ነው፤ ቀድመው ጨብጠው ይዘውት ቢሄዱ ድምፅም ሽታም የለውም። ቡና በፔርሙዝ ይዘው ከሆነ ነፋሱ ወደ ውሃው በሚዞርበት ሰዓት አይክፈቱት።

ለመቀመጫ 2 ሴንቲሜትር የሚወፍር ስፖንጅ ይቁረጡ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ከሚደርስብዎ ብርድ አብዛኛው ከታች ነው። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከሄዱ የስኮትላንድ ትንኝ ይጠብቅዎታል፤ ነፋሱ በሰዓት ከ11 ኪሎሜትር በታች ሲሆንና ዳመና ሲኖር ትወጣለች፤ ለኦተር ጥሩ የሆነው ፀጥ ያለ ውሃ ለሷም ጥሩ ነው። የራስ መረብ ይግዙ፤ ጥቁሩን። ነጩ መረብ ብርሃን እየመለሰ ዓይንዎን ይጋርደዋል። እጅዎንም በስስ ጓንት ይሸፍኑ፤ ያለበለዚያ ኦተሯ ብቅ ባለችበት ሰከንድ እጅዎን ሲያክኩ ይገኛሉ።